ከጋምቤላ ወደ ሼንገን መንደር፦ የሉክሰምበርግ ማስታወሻ

እሑድ

ከአዲስ አበባ ሉክሰምበርግ በቀጥታ የሚያደርስ በረራ ስለሌለ በብራስልስ በኩል ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ባቡር ነው። ናሙርን አልፎ፣ አርሎንን አልፎ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። አርሎን የቤልጂየም የመጨረሻዋ ከተማ ናት። ከእሷ በኋላ ድንበሩ እንዳያመልጠኝ ብዬ መስኮቱ ላይ ተለጠፍኩ። ከብት አየሁ። አጥር አየሁ። መኪና ጢም ያለበት ፓርኪንግ አየሁ። ኬላ ግን የለም፤ ፖሊስም የለም። ስልኬ ጢን አለችና "እንኳን ወደ ሉክሰምበርግ በደህና መጡ" የሚል መልእክት ገባ። ገብቻለሁ ማለት ነው።

የምሠራው ጋምቤላ ነው፤ ከደቡብ ሱዳን ስደተኞች ጋር። እኛ ጋ በፓጋክ በኩል የሚገባ ሰው ይመዘገባል፣ አሻራ ይሰጣል፣ የምግብ እጥረት ካለበት እንዲታወቅ የልጁ ክንድ በሜትር ይለካል፣ ከዚያ ወደ ካምፕ የሚወስደውን አውቶቡስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ድንበር ሲባል ለእኔ ወረፋና አቧራ ነው የሚታየኝ። ባቡር ውስጥ ቡና እየጠጡ የሚያልፉት ነገር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም።

ባቡሩ ላይ እስክወጣ ያለው ግን ሌላ ጣጣ ነው። የቪዛው 90 ዩሮ ከሁሉም ቀላሉ ነው። የባንክ ስቴትመንት፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የሆቴል ቡኪንግ፣ ኢንሹራንስ፣ የግብዣ ወረቀት፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት። ትዳሬ ከበጀት ስብሰባ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ብጠይቅ ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። "ትመለሻለሽ ወይ ማለታቸው ነው" አሉኝ።

የጋበዘን ለጋሽ ድርጅት አጋሮቹን ሰብስቦ ስለ መጪዎቹ ዓመታት በጀት ሊያወያይ ነው። ጥቅምት 2025 ነው፤ ይበርዳል። ሆቴሌ ከባቡር ጣቢያው ጥቂት ፈንጠር ይላል። ወደዚያ የሄድኩት በትራም ነው፤ ሂሳብ የጠየቀኝም የለም። እዚህ አገር ከ2020 ጀምሮ አውቶቡስ፣ ትራምና ባቡር ለሁሉም ሰው ነፃ ነው፤ ለነዋሪውም ለእንግዳውም። (ዓመተ ምሕረቶቼና ቀኖቼ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የሚከፍለው ባቡር ላይ አንደኛ ማዕረግ መቀመጥ ያማረው ብቻ ነው።

ሰኞ

ስብሰባው ኪርሽበርግ የሚባል ኮረብታ ላይ ነው። ትራሙ ቀዩን ድልድይ ተሻግሮ ይወጣል። ድልድዩ የተመረቀው በ1966 ሲሆን ሸለቆው ከሥሩ ገደል ነው። ማዶው ሌላ ዓለም ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ወርቃማ ማማዎች፣ የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክ፣ የኦዲተሮቹ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ ባንክ፣ ባንክ፣ ባንክ። እግረኛው ሁሉ አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሏል።

ይህን ሁሉ የተሸከመችው አገር ስፋት 2,586 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የጋምቤላ ክልል ከ10 እጥፍ በላይ ይሰፋታል። ሕዝቧ 680 ሺህ ገደማ ነው። እኛ አገር የተጠለለው ስደተኛ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው።

ስለዚህች አገር በእኛ ሙያ የሚባል አንድ ነገር አለ፤ እውነትም ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ1970 ሀብታም አገሮች ከብሔራዊ ገቢያቸው 0.7 በመቶውን ለልማት እርዳታ እንዲሰጡ ግብ አስቀመጠ። አብዛኞቹ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ "እየሞከርን ነው" ሲሉ ኖሩ። በ2024 ግቡን ያለፉት አራት አገሮች ብቻ ናቸው፦ ኖርዌይ፣ ሉክሰምበርግ፣ ስዊድንና ዴንማርክ። ሉክሰምበርግ የምትሰጠው 1 በመቶ ገደማ ነው። ገንዘቡ በብዛት የሚሄደው እንደ ሴኔጋል፣ ኬፕ ቨርድና ላኦስ ወዳሉ ጥቂት አገሮች ነው። ትንሽ ስለሆኑ ሁሉም ጋ አይበተኑም። ይሄን አሠራር እወድላቸዋለሁ። ትልልቆቹ ለጋሾች ሁሉም ቦታ ባንዲራ ይተክሉና ሲነሡ ሁሉም ቦታ ጉድጓድ ይተዋሉ።

ሲነሡ ደግሞ አይተናል። በጥር 2025 ከአሜሪካ "ሥራ አቁሙ" የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ፊልድ ላይ ነበርኩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ስንቱ ባልደረባዬ ዕቃውን ሸክፎ ወደ ቤቱ ሄደ። አሁን በጥቅምት ደግሞ የስደተኛው ራሽን ከ60 በመቶ ወደ 40 በመቶ ወርዷል። የሙሉው ራሽን 40 በመቶ ማለት ነው። እናት ይህን ሰልፍ ላይ ሰምታ ወደ ልጆቿ ስትመለስ ምን እንደምትላቸው እንጃ።

አዳራሹ ውስጥ ይህ ሁሉ በስላይድ ቀረበ። ቀዩ ባር ወረደ፣ ሰማያዊው ባር ወጣ። ተናጋሪዎቹ ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ያፍራሉም። አንዷ "የሌሎቹን ክፍተት ብቻችንን መሙላት አንችልም" አለች። ልክ ናት። 680 ሺህ ሰው የአሜሪካን ቀዳዳ ሊደፍን አይችልም።

ሻይ ሰዓት ላይ አንድ ሴኔጋላዊ ባልደረባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና በመስኮቱ ወደ ባንኮቹ ጠቆመኝ። "አንድ በመቶው እዚህ ነው፤ ዘጠና ዘጠኙ ማዶ" አለኝ። የተጋነነ ቀልድ ነው፤ መሠረት ግን አለው። በዚህች አገር የተመዘገቡ የኢንቨስትመንት ፈንዶች የሚያስተዳድሩት ሀብት ከ5 ትሪሊዮን ዩሮ ይበልጣል። ከአሜሪካ ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛ ናት። በ2014 ጋዜጠኞች ምስጢራዊ የግብር ስምምነቶችን አውጥተው ነበር። ከ300 በላይ ኩባንያዎች እዚህ ከመንግሥት ጋር እየተስማሙ ሌላ አገር ላገኙት ትርፍ ኢምንት ግብር ይከፍሉ እንደነበር ታየ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ጠበቅ ብሏል። ቢሆንም እርዳታና ግብር በአንድ ሚዛን ተቀምጠው ሲመዘኑ አይቼ አላውቅም። ቢመዘኑ ደስ ይለኛል።

ማክሰኞ

ከሰዓት በኋላ ነፃ ነበርን። ቦክ ወደሚባለው ቋጥኝ ወጣሁ። በ963 ሲግፍሪድ የሚባል መስፍን በመሬት ለውጦ ምሽግ ያገኘው እዚህ ነው፤ አገሪቱ ከዚህ ድንጋይ ላይ በቀለች ይባላል። ከዚያ ስፔኖች፣ ፈረንሳዮች፣ ኦስትሪያውያን፣ ፕሩሲያውያን ተራ በተራ እየያዙ ቋጥኙን ቆፈሩት። ዛሬም 17 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዋሻ ቀርቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 35 ሺህ ሰው ከቦምብ ሊጠለልበት ይችል ነበር። የሎጂስቲክስ ሰው አብሮኝ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ሽንት ቤቱን ይቆጥር ነበር።

የወርቅ ቀለም የተቀባች ሴት ሐውልት አደባባዩ ላይ ቆማለች። ናዚዎች በ1940 አፈረሷት፤ ጠፍታ ኖራ በ1980 ከስታዲየም መቀመጫ ሥር ተገኘች። ስታዲየሙ በኋላ በጆሲ ባርቴል ስም ተሰይሞ ነበር። ባርቴል በ1952 ሄልሲንኪ ላይ በ1,500 ሜትር ወርቅ ያገኘ ሰው ነው፤ ማንም ሳይጠብቀው። የአገሩ ብቸኛ የሩጫ ወርቅ ነው። በኋላም ሚኒስትር ሆነ። የእኛ ልጆች ኦሊምፒክ የጀመሩት ከዚያ አራት ዓመት በኋላ ነው፤ ባንቀድማቸውም ደርሰንባቸዋል።

ረቡዕ

ዝናብ። ሙሉ ቀን ስብሰባ። ምሳ ላይ ብሔራዊ ምግባቸው ቀረበ፦ የተጨሰ የአሳማ ሥጋ ከባቄላ ጋር። እኔ ባቄላውን በላሁ። ደግሞ ረቡዕ ነው፤ ባቄላው ውስጥ ምን እንደገባ ሳልጠይቅ ብተወው ይሻላል።

ከሰዓት አንድ ነገር ግን ደስ አለኝ። የሳተላይት ኢንተርኔት መሣሪያቸውን አሳዩን። አውሮፓ ውስጥ ቲቪ በዲሽ የሚያይ ሰው የሚያውቃቸው የአስትራ ሳተላይቶች ባለቤት ኩባንያ መቀመጫው እዚሁ አገር ነው። የመጀመሪያዋ በ1988 ተተኮሰች። መንግሥት ከእነሱ ጋር ሆኖ በ2012 የአደጋ ጊዜ የመገናኛ አገልግሎት አቋቋመ። አደጋ ሲደርስ ሣጥኖቹን በአውሮፕላን ያመጣሉ፤ እንደ ትልቅ ነጭ ኳስ የሚነፋ አንቴና ከውስጡ ይወጣል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ኢንተርኔት አለ። ለእርዳታ ድርጅቶች በነፃ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዷ ጁባ ነበረች።

ኳሱን በእጄ ነካሁት። ልስልስ ያለ ጨርቅ ነው፤ ስፌቱ ይታያል። ፊልድ ላይ ኔትወርክ ፍለጋ የውኃ ታንከር ላይ የወጣ ሰው ብቻ ነው ይሄ ነገር ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው። ትንሽ አገር የምታውቀውን ነገር ስትሰጥ እርዳታው ይጠራል። ብዙ ፕሮፖዛል ከማንበብ ይሄን ኳስ ማየት ይሻለኛል።

ሐሙስ

ወደ ደቡብ፣ ወደ ኤሽ ሄድን። ለማየት ስጓጓ የነበረው ቦታ ይሄ ነው።

ሉክሰምበርግ ሀብታም ሆና አልተፈጠረችም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገበሬ አገር ነበረች። መሬቱ ለልጆች እየተከፋፈለ አነሰ፤ ሰው በአሥር ሺዎች እየተነሣ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ቺካጎና አዮዋ ዛሬም የእነሱ ዘሮች አሉ። ደቡቡ ላይ ቀይ አፈር ነበር፤ ብረት አለው፤ ግን ፎስፎረስ ስለበዛበት ብረቱ ይሰባበር ነበር። በ1879 ሁለት እንግሊዛውያን የፈጠሩትን ፎስፎረስ ማስወገጃ ዘዴ አስመጡ። ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ተገለበጠ። ፎስፎረሱን ይዞ የሚወጣው ዝቃጭ እንኳ ተፈጭቶ ለማሳ ማዳበሪያ ሆነ።

ለሥራው የሚበቃ ሰው ግን አልነበረም። ጣሊያኖች መጡ። ከ1960ዎቹ ወዲህ ፖርቱጋሎች መጡ። ዛሬ ከነዋሪው 47 በመቶ ያህሉ የውጭ ዜጋ ነው። በዚያ ላይ ከ200 ሺህ በላይ ሰው በየቀኑ ከፈረንሳይ፣ ከቤልጂየምና ከጀርመን እየተመላለሰ ይሠራል። እሑድ በባቡር መስኮት ያየሁት የታጨቀ ፓርኪንግ የእነሱ ዓይነት ሰዎች መኪናቸውን ጥለው ባቡር የሚይዙበት ነው።

ቤልቫል የሚባለው ሠፈር ውስጥ ሁለት የብረት ማቅለጫ ማማዎች አሁንም ቆመዋል፤ የዛጉ፣ ቧንቧቸው የተጠላለፈ። የመጨረሻው እሳት የጠፋው በ1997 ነው። ሦስተኛውን ማቅለጫ ቻይናዎች ገዝተው ፈታትተው ወስደውታል። በማማዎቹ ሥር ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ተማሪዎች ቧንቧው ሥር ሳንድዊች ይበላሉ።

አንድ ጡረታ የወጣ ፖርቱጋላዊ አስጎበኘን። በ19 ዓመቱ የመጣ ነው። ስለ ደመወዝ ጠየቅሁት፤ ሙያችን ሆኖ ደመወዝ ሳንጠይቅ አናልፍም። ትንሹ የወር ደመወዝ ከ2,500 ዩሮ በላይ ነው አለኝ። የገበያ ዋጋ 2.5 በመቶ በጨመረ ቁጥር ደግሞ የሁሉም ሰው ደመወዝ በሕግ በዚያው ልክ ይጨምራል። ቆም ብዬ ደግሜ ጠየቅሁት። "በራሱ ጊዜ? ማንም ሳይለምን?" "በራሱ ጊዜ።" ብር ገበያው ይወስን ከተባለ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ዘይት የገዛ ሰው ይህን ሲሰማ የሚሰማውን መገመት አያቅትም።

ታዲያ ከዚያ በኋላ ጋምቤላ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። እኛም ጋ ከ350 ሺህ በላይ ስደተኛ አለ፤ ከአገሬው ቁጥር ጋር ይቀራረባል። እዚህም ግማሽ፣ እዚያም ግማሽ። እዚህ "የሰው ኃይል" ይባላል፣ እኛ ጋ "ኬዝሎድ" እንላለን፤ የሚረዳ ሰው ቁጥር ማለት ነው። በ2019 የወጣው የስደተኞች አዋጃችን ሥራ የመሥራት መብት ሰጥቷል፤ በአህጉሩ ከተመሰገኑት አንዱ ነው። ወረቀቱ አለ። ፋብሪካው ግን የለም። ቤልቫል ውስጥ መጀመሪያ የመጣው ማቅለጫው ነው፤ ሰውየው የመጣው ከኋላ ነው። እኛ ጋ ሰውየው መጥቶ ቁጭ ብሏል። ስለ መቻቻል አሥር ወርክሾፕ ብናዘጋጅ ይሄ ቅደም ተከተል አይቀየርም።

አስጎብኚያችንም ሁሉን ነገር አላሞገሰም። በ2015 የውጭ ዜጋ በአገር አቀፍ ምርጫ ይምረጥ ወይ ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ነበር። ከአራት ሰው ከሦስት በላይ የሚሆነው "አይሆንም" አለ። "እጃችንን ይፈልጉታል" አለ፤ ጨርሶም ትከሻውን ሰበቀ። እሱ ዜግነት ወስዷል። ሚስቱ ግን አልወሰደችም፤ ቋንቋው እምቢ ብሏት።

ዓርብ

ስብሰባው በእኩለ ቀን አለቀ። ውሳኔ የለም፤ "ግብዓታችሁን ወስደናል" አሉን።

ከሆቴሉ ጎን ሱቅ ውስጥ ከሚሠራ አንድ ኤርትራዊ ወጣት ጋር ተዋውቄ ነበር፤ አማርኛ አሳምሮ ይናገራል። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። "ሓፍተይ፣ ዓርብ ነው፣ ሽሮ አለ" ብሎ ጠራኝ። ሦስት ሆነው በሚኖሩበት ክፍል፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የሱዳን በርበሬ የገባበት ሽሮ። እንጀራው ከጀርመን በአውቶቡስ የመጣ ነው።

ጥገኝነት ካገኘ ቆይቷል፤ ሥራም አለው። ያላገኘው ቤት ነው። ወረቀት አግኝተው እንኳ ከመጠለያ መውጣት ያቃታቸው ብዙ ናቸው አለኝ፤ ኪራዩ ከደመወዝ ጋር ይተናነቃል። ባለቤቶቹ ቋሚ የሥራ ውል ይጠይቃሉ። ቋሚ ውል ለማግኘት ደግሞ ፈረንሳይኛ። "ጎረቤት አገር ሄጄ ልከራይ ብል ወረቀቴ የዚህ ነው። ፈረንሳዩ እዚያ ኖሮ እዚህ መሥራት ይችላል፤ እኔ ግን አልችልም" አለኝ። ከጠቅላላው ሳምንት ስብሰባ ይልቅ ስለ ድንበር ያስረዳኝ ይህ ልጅ ነው። እናቱን ለማስመጣት ገንዘብ እያጠራቀመ ነው። ስንት እንደቀረው አልጠየቅሁትም።

ቅዳሜ

ሼንገን መንደር ናት። አብዛኛው ሰው ይህን አያውቅም፤ እኔም ቪዛዬ ላይ ያለው ስም የወይን ገበሬዎች መንደር ስም መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በነፃ አውቶቡስ ይኬዳል። ሞዜል ወንዝ ዳር ወይኑ ተዳፋቱን ሞልቶታል፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፤ ለቀማው አልቋል።

ሰኔ 14 ቀን 1985 የአምስት አገሮች ተወካዮች እዚህ በመርከብ ላይ ፈረሙ፦ ሉክሰምበርግ፣ ቤልጂየም፣ ሆላንድ፣ ፈረንሳይና ምዕራብ ጀርመን። ሦስት አገሮች የሚገናኙበት ቦታ ስለሆነ ነው የተመረጠው። ትልልቆቹ መሪዎች አልመጡም፤ ምክትሎቻቸውን ላኩ። ያን ያህል ትልቅ ነገር አልመሰላቸውም ነበር። ሥራ ላይ የዋለው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው፤ ዛሬ 29 አገሮች ናቸው። መርከቧ ታድሳ ወንዙ ዳር ታስራለች። ፎቶ ተነሣሁ፤ ፓስፖርቴን ቪዛው ላይ ገልጬ ከመርከቧ ጋር። አጠገቤ የነበሩ ጀርመናውያን ባልና ሚስት ግራ ገባቸው። ቪዛ የሚባል ነገር በዕድሜያቸው ለጥፈው አያውቁም መሰለኝ።

ድልድዩን በእግሬ ተሻግሬ ጀርመን ገባሁ። ፐርል ይባላል። ዳቦ ገዝቼ ተመለስኩ። ወንዙ ራሱ የሁለቱ አገሮች የጋራ ነው፤ መሐሉ ላይ የተሠመረ ድንበር የለም።

ይሄን ሁሉ ካደነቅሁ በኋላ የወይን ጠጅ የምትሸጠዋ ሴት አሳቀችኝ። ጀርመን ከመስከረም 2024 ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሯ ላይ ፍተሻ መልሳ ጀምራለች፤ ከዚህ በኩልም ጭምር። "ከሼንገን ስትወጪ ፖሊስ ያስቆምሻል" አለች። ፖሊሶቹ የሚፈልጉት ስደተኛ ነው፤ የሚያንቀራፍፉት ግን ከሥራ የሚመለሰውን የራሳቸውን ሰው ነው። የመንደሯ ማደያዎች ፊት ግን ሰልፉ በደስታ ነው፤ ነዳጅ እዚህ ስለሚረክስ ከማዶ እየመጡ ታንካቸውን ይሞላሉ። ሲጋራና ቡናም ይጭናሉ።

እሑድ

ባቡር፣ ብራስልስ፣ ኤርፖርት። ተሳፋሪ መጠበቂያው ቁጭ ብዬ እያለ የጋምቤላው የሎጂስቲክስ ባልደረባዬ ደወለ። አስቀድሞ ስለ ጤንነቴ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ቸኮሌቱ ጠየቀ። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ።

"ምን አሉ ታዲያ?"

"ቦርዳቸው በታኅሣሥ ይወስናል።"

"እስከ ታኅሣሥ መኪናውን በምን ልናስነሣው ነው? ሰኞ ወደ ካምፕ የሚወጣ ነዳጅ የለኝም እኮ።"

ከሥልጠናው የበጀት መስመር የተረፈች ነገር ካለች ከፋይናንስ ጋር ተነጋግሬ ወደ ነዳጅ እንደማዞር ነገርኩት። ለጋሹን በኢሜይል ማስፈቀድ አለብኝ፤ እሑድ ማንም አይመልስም።

"ከፈለግሽ አበሌን ንኪ" አለኝ። "የጄኔሬተሩን መስመር ብቻ እንዳትነኪ፤ ክትባቱ ፍሪጅ ውስጥ ነው።"